የስፖርት መኪና የነዳጅ ፍጆታ፦ ታክሱ የሚያየው ቁጥር ሌላ፣ ነጂው የሚያየው ሌላ

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ አሜሪካ ውስጥ አዲስ የስፖርት መኪና ለመግዛት እያፈላለግሁ ነው። ያየሁት መኪና መስኮት ላይ የተለጠፈው ወረቀት በአማካይ በጋሎን 19 ማይል እንደሚሄድ ይናገራል፤ ነዳጅ በሚያበዙ መኪኖች ላይ የሚጣለው ታክስ ግን አልተጻፈበትም። እኔ የማውቀው ከ22.5 ማይል በታች የሚሄድ ሁሉ እንደሚከፍል ነው። ከጎኑ የቆመው፣ ከእሱ ይበልጥ ነዳጅ የሚጠጣው ፒክአፕም ታክስ የለበትም። የትኛውን ቁጥር ልመን?

መልስ፦ 22.5 ማለትዎ ትክክል ነው፤ ሆኖም ታክሱ የሚሰላው ወረቀቱ ላይ በሚነበበው ቁጥር አይደለም። ለታክሱ የሚያገለግለው መኪናው ላቦራቶሪ ውስጥ ተፈትኖ የሚያመጣው ውጤት ሲሆን፣ የከተማው 55 በመቶ፣ የአውራ ጎዳናው 45 በመቶ ድርሻ ይዘው ይዋሐዳሉ። ለገዢው የሚለጠፈው ግን እ.ኤ.አ. ከ2008 ሞዴል ጀምሮ ከፍተኛ ፍጥነትን፣ ኤርኮንዲሽነርንና ብርድን ጭምር ከግምት አስገብቶ ዝቅ ያለ ቁጥር ስለሆነ፣ ወረቀቱ ላይ 19 የተባለ መኪና በላቦራቶሪው መለኪያ ከ22.5 በላይ አስመዝግቦ ከታክሱ ሊያመልጥ ይችላል።

ፒክአፑ የሚታለፈው ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1978 ሲወጣ እንዲህ ያሉት መኪኖች በአመዛኙ ለሥራ ብቻ ይነዱ ስለነበር ነው። ዛሬ ፒክአፕና ኤስዩቪ የቤተሰብ መኪና ሆነው ሳለ ሕጉ እንዳለ መቀጠሉ፣ በእኔ አስተያየት፣ ዓላማውን አሳጥቶታል። የታክሱ መጠንም እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ አልተለወጠም፤ ከ1,000 ዶላር ይጀምርና ከ12.5 ማይል በታች ለሚሄደው 7,700 ዶላር ይደርሳል። ለመንግሥት የሚከፍለው አምራቹ ወይም አስመጪው ቢሆንም፣ ዞሮ ዞሮ ከገዢው ኪስ የሚወጣ ነው።

አምራቾችም ለፈተናው መዘጋጀትን ያውቁበታል። ኮርቬት በተባለው የስፖርት መኪና ባለ ስድስት ማርሽ ማንዋል ላይ፣ መኪናው በዝግታ ሲነሳ ነጂው ከአንደኛ ማርሽ በቀጥታ ወደ አራተኛ አስገብቶ ነዳጅ እንዲቆጥብ የሚያስገድድ መሣሪያ ተገጥሞ ነበር። ብዙ ነጂዎች ግን ይህን የምታሰናክል ትንሽ ዕቃ ገዝተው ይገጥማሉ፤ ያን ጊዜ መኪናው የተፈተነበት አነዳድ ከባለቤቱ አነዳድ ጋር መገናኘቱ ያበቃል።

ለእርስዎ ዋናው ጉዳይ አነዳድዎና መንገድዎ ነው። ዝቅ ብሎ የተሠራ የስፖርት መኪና አውራ ጎዳና ላይ በመጨረሻው ማርሽ ረጋ ብሎ ሲሄድ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ስለሚሠራ፣ ፍጆታው ከሚገመተው በታች ይሆናል። ከተማ ውስጥ ግን ትልቁ ሞተር የአየር ማስገቢያው ተዘግቶ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ስለሚሠራ፣ አየር ለመሳብ ብቻ ጉልበት ያባክናል። ሞተሩ ሳይሞቅ የሚያልቅ አጭር ጉዞና በየመብራቱ ነዳጅ ረግጦ መነሳት ሲጨመሩበት ወረቀቱ ላይ ያለው 19 እንኳ ሩቅ ይሆናል። ስለዚህ ለግዢ ሲያወዳድሩ የወረቀቱን የከተማና የአውራ ጎዳና ቁጥር ለየብቻ ይመልከቱ። ከገዙ በኋላ ደግሞ ታንኩን ሞልተው የሄዱበትን ማይል ይመዝግቡ፤ እንደገና ሲሞሉ በገባው ጋሎን ያካፍሉት፤ ይህንንም በተከታታይ ለጥቂት ሙሌት ያድርጉት።