ልጄን ተከላካይ አደረጉብኝ ላልሽው እህት

እህቴ፣ «የ12 ዓመት ልጄ የክንፍ አጥቂ ነው፤ እዚህ ለንደን አካዳሚ ውስጥ አሰልጣኙ ግራ ተመላላሽ (በግራ መስመር ወደፊትም እየወጣ የሚመለስ ተከላካይ) አደረገው፤ ላስወጣው ወይ?» ያልሽውን አየሁ። አታስወጪው! እኔ አስወጥቼ ጉዴን አይቻለሁ።

1ኛ. ተመላላሽ መሆን ቅጣት አይደለም። ቡካዮ ሳካን እይው። ሄል ኤንድ በሚባለው የአርሰናል ታዳጊዎች አካዳሚ ያደገ የክንፍ ተጫዋች ነው። ለዋናው ቡድን በ2018 ሲሰለፍ ገና 17 ዓመቱ ነበር። በቀጣዩ የውድድር ዓመት የግራ ተከላካዮቹ ቲርኒና ኮላሺናክ ሲጎዱ የግራ ተከላካይነቱ ለእሱ ተሰጠው። አላኮረፈም፤ እየተከላከለም ኳስ እያሻማ ጎል ያመቻች ነበር። በ2020 ለእንግሊዝ ከዌልስ ጋር የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲያደርግም የተሰለፈው በግራ ተመላላሽነት ነው። ዛሬ ቀኝ ክንፍ ላይ 7 ቁጥር ለብሶ ወደ ኋላ እየሮጠ ተከላካዩን ሲያግዝ የምናየው፣ ያኔ የተማረው ይመስለኛል።

እኔ ግን ይህን ሁሉ እያየሁ አልገባኝም።

2ኛ. ወረቀቱን አንብቢ። ልጄ 13 ዓመቱ ነበር። ፈጣን፣ ቀኝ ክንፍ፣ አባቱ ስለሆንኩ አይደለም፣ ሰው ቆሞ የሚያየው ልጅ! አሰልጣኙ ቀኝ ተመላላሽ ሲያደርገው ደሜ ፈላ። ክለቡ ምዝገባውን ላድስለት ብሎ ፎርም ላከ። እኔ በእልህ «አንፈልግም» ብዬ ፈርሜ መለስኩ። ባለቤቴ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብላኝ ነበር። ማን ሰምቷት!

ሌላ ክለብ ወሰድኩት። ስድስት ሳምንት ሙከራ አደረገ፤ ወደዱት። ሊያስፈርሙት ነው ስል ስልክ ተደወለ፤ የስልጠና ካሳ አለበት ተባልኩ። ለካስ የቀድሞው ክለብ ራሱ ቢለቀው ልጁ ነፃ ነበር። እነሱ እንያዘው ብለው እምቢ ያልኩት እኔ ስለሆንኩ፣ የሚወስደው ክለብ ላሰለጠኑበት ዓመታት መክፈል አለበት። እነዚያ ደግሞ ለ13 ዓመት ልጅ አንከፍልም አሉ።

ካሳውን ተዉልኝ ልል የቀድሞው ክለብ ቢሮ ሄድኩ። ሌሊቱን ሙሉ ታክሲ ስነዳ አድሬ ነው የሄድኩት። ሴትዮዋ 40 ደቂቃ በር ላይ አቆመችኝ፤ ወንበሩ ባዶ ነው፣ ተቀመጥ እንኳ አላለችም። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙራ «ፊርማው ያንተ አይደለም?» አለችኝ። የእኔ ነው፤ ምን ልበል?

ልጄ የ2021ን ሰመር ያለ ክለብ አሳለፈ። የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ የሳካን ፍፁም ቅጣት ምት የጣሊያኑ በረኛ ዶናሩማ ሲያድንበት ሶፋ ላይ አብረን ነበርን። ከዚያ የወረደበትን የዘረኝነት ስድብ ታስታውሺያለሽ። ልጄ ክፍሉን ዘግቶ አለቀሰ። ለሳካ ይሁን ለራሱ አልጠየቅኩትም። ሳካ በ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ስዊዘርላንድ ላይ የአቻነቱን ጎል አገባ፣ በመለያ ምቱም አልሳተም። ያን ቀን ደግሞ ሶፋው ላይ የዘለለው ልጄ ነው።

አሁን ልጄ ዝቅ ባለ ሊግ ይጫወታል፤ ትንሽ ትንሽ ብርም ያገኛል። በራሱ ጥረት ነው፣ በእኔ አይደለም። ቦታው? ቀኝ ተመላላሽ።

3ኛውን ረሳሁት። ብቻ የምዝገባ ፎርም ከላኩልሽ ሳትመልሺ ፎቶ አንስተሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ አብረን እናነበዋለን።