መልስ፦ በማሽን የተፈለፈሉ ጫጩቶች መኖና ውሃ ፊታቸው እያለ ዝም ሲሉ

መልቀም ማስተማር አያስፈልግህም፤ አብሯቸው ነው የሚወለደው። የሚጎድላቸው የትኛው ነገር ምግብ እንደሆነ መለየት ነው፤ እሱን ደግሞ ብዙውን ከእናት ነው የሚማሩት።

ስለዚህ እናቷን ተካ። መኖውን ጠፍጣፋ ካርቶን ላይ በተን አድርግና በጥፍርህ ቶሎ ቶሎ ጠቅ ጠቅ አድርገው። እናት ዶሮም እየጠራች መሬቱን በመንቁሯ የምትነካካው ለዚሁ ነው። አንዷ መጥታ ከለቀመች ሌሎቹ አይተው ይከተላሉ።

ውሃን ግን በማየት ብቻ ላይለዩት ይችላሉ። የአንዷን ወይም የሁለቷን መንቁር ጫፉን ብቻ ነከር አድርግ፣ አፍንጫዋ እንዳይገባ ተጠንቀቅ። ወዲያው አንገቷን ቀና አድርጋ ስትውጥ ታያታለህ፤ ይሄን ማንም አላሳያትም፣ በጣም የሚገርመኝም እሱ ነው። በመጀመሪያው ቀን ካልበሉ አትደንግጥ፣ ሆዳቸው ውስጥ የቀረው አስኳል ከ2 እስከ 3 ቀን ያቆያቸዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ አንዷን ለብቻዋ አታሳድግ። ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ቀናት አጠገቧ ሲንቀሳቀስ ያየችውን እንደ እናት ትይዛለች፤ የእንስሳት ባህሪ ተመራማሪው ኮንራድ ሎሬንዝ በፈረንጆቹ 1930ዎቹ በዝይዎች ላይ ያሳየው ይህንኑ ነው። እንዲህ ያደገች አይቻለሁ፣ ሰው ዞር ሲል ስትጮህ ትውላለች፣ ዶሮዎች መሃል ስትገባ ደግሞ ትሸሻለች። ቢያንስ ሁለት ሶስት ሆነው አብረው ይደጉ።