ሲጋራ ካቆምሁ በኋላ የሚመጣብኝ ሐራራ ንስሐዬን ያፈርሰዋልን?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ ለብዙ ዓመታት ሲጋራ ሳጨስ ቆይቼ፣ ለንስሐ አባቴ ተናዝዤ አቁሜአለሁ፤ አሁን ሁለተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ይሁን እንጂ ሐራራው ለጸሎት በቆምሁበት ሰዓት ሳይቀር ይመጣብኛል፤ በጥቃቅን ነገር እቆጣለሁ፤ እንቅልፌም ተዛብቷል። ንስሐዬ ከልብ ቢሆን ኖሮ ይህ ምኞት ይጠፋልኝ ነበር እያልሁ እጨነቃለሁ። ሐኪም ደግሞ የኒኮቲን ፕላስተር ወይም ማስቲካ እንድጠቀም መክሮኛል። ይህን መጠቀም እምነት ማጣት አይሆንብኝምን? በጾም ሰዓትስ ይፈቀድልኛልን?

መልስ፦ ወንድሜ ሆይ፣ የሐራራው መምጣት ንስሐህ ከልብ ላለመሆኑ ማስረጃ አይደለም። ሐዋርያው ያዕቆብ “ምኞት ፀንሳ ኃጢአትን ትወልዳለች” ሲል (ያዕ. 1፥15) በምኞት መነሣትና በኃጢአት መወለድ መካከል ጊዜ እንዳለ ያሳየናል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚጠየቀው የአንተ ፈቃድ ነው። ሳትጠራው መጥቶ ሳትፈቅድለት የሄደ ሐራራ ተጋድሎ እንጂ ውድቀት ስላልሆነ እንደ ኃጢአት አትቍጠረው። እግዚአብሔር ምኞቱን በአንድ ጊዜ ያነሣላቸው ሰዎች አሉ፤ የእነርሱ ታሪክ ግን ለሁሉም ሰው ሕግ ተደርጎ ሲነገር የሚታገሉትን ተስፋ ያስቆርጣልና፣ “በእውነት ብትጸልይ ኖሮ ይተውህ ነበር” የሚሉህን በዚህ ነገር አትስማቸው።

በሥጋህ ውስጥ እየሆነ ያለውን ማወቅም ጭንቀትህን ያቀልልሃል። ኒኮቲን በጢሱ አማካይነት ከሳንባ ተነሥቶ በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ በዚያም የደስታ ስሜት የሚሰጠው ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር እንዲመነጭ ያደርጋል፤ ይህም በየቀኑ ለዓመታት ሲደጋገም አንጎል ያለ ኒኮቲን መረጋጋት ይሳነዋል። በደም ውስጥ ያለው ኒኮቲን በ2 ሰዓት ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ሐራራው ከመጨረሻው ሲጋራ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ይበረታል፤ በአብዛኛው ሰው ላይ ከ2 እስከ 4 ባሉት ሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ቁጣው፣ የእንቅልፍ መዛባቱ፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻሉና የምግብ ፍላጎት መጨመሩ ከዚሁ የሚመጡ የታወቁ ምልክቶች ናቸው። በጸሎት ጊዜ ሐሳብህ የሚበተነውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነውና መንፈሳዊ ድርቀት ብቻ አድርገህ አትውሰደው። ሐዘን ከብዶህ ሳይለቅህ ቢሰነብት ግን ለሐኪም ንገር።

ስለ ቡናም አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙዎች ስለማያውቁት ያለ ምክንያት ይሠቃያሉና። የሲጋራ ጢስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ማጨስ ሲቆም ይህ ፍጥነት ስለሚቀንስ፣ ቀድሞ የለመድኸው የቡና መጠን አሁን በሰውነትህ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ የሚያቅበጠብጥህና እንቅልፍ የሚነሣህም ሐራራው ብቻ ላይሆን ይችላል። በእነዚህ ሳምንታት ቡናህን በግማሽ ያህል ቀንስ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ባትጠጣ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እያንዳንዱ ሐራራ ብታጨስም ባታጨስም አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ በርትቶ ይበርዳል። ስለዚህ በዚያች ሰዓት “ዕድሜ ልኬን እንዴት እችለዋለሁ?” ብለህ ከራስህ ጋር አትከራከር፤ ከፊትህ ያሉት እነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ናቸው። ዮሴፍ በጲጥፋራ ቤት በተፈተነ ጊዜ ልብሱን ጥሎ ሸሸ እንጂ ቆሞ አልተከራከረም (ዘፍ. 39፥12)። አንተም ከተቀመጥህበት ተነሣ፤ ከሚያጨሱ ሰዎች መካከል ከሆንህ ውጣ፤ ውኃ ጠጣ፤ ተራመድ። ረጅም ጸሎት ለማድረስ አትሞክር፤ “ጌታዬ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ፣ ማረኝ” የሚለውን ከትንፋሽህ ጋር ቀስ እያልህ ደጋግም። አቅምህና ሁኔታው ከፈቀዱ ስገድ፤ ስግደት ሥጋንም ሐሳብንም በአንድነት የሚያሠራ በመሆኑ ለዚህች ሰዓት እጅግ የተስማማ ነው። ሐራራው በጸሎት ላይ ሳለህ ቢመጣ ጸሎቱን አታቋርጥ፤ በልብህ ስታነብብ ከነበረ ድምፅህን አሰምተህ መዝሙረ ዳዊት አንብብ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቤትህንና ኪስህን መርምር። ክብሪቱን፣ ላይተሩንና መተርኰሻውን አስወግድ። “ለክፉ ቀን” ብለህ የደበቅኸው ሲጋራ ካለ እርሱ ለውድቀት አስቀድሞ የተሰጠ ፈቃድ ነው፤ ስለ ሐራራው መምጣት ሳይሆን ስለዚህ ብትናዘዝ ተገቢ ነበር። ለቤተሰቦችህም በነዚህ ሳምንታት ቁጡ የሆንህበትን ምክንያት ንገራቸው፤ ያስቀየምኸውንም ሰው ምክንያቱን ከመደርደርህ በፊት ይቅርታ ጠይቅ።

ስለ መድኃኒቱ የጠየቅኸው ብዙ ሊያከራክረን አይገባም። ጌታችን “ሕመምተኞች እንጂ ባለ ጤኖች ሐኪም አያስፈልጋቸውም” ብሎ ሲያስተምር (ማቴ. 9፥12) ወደ ሐኪም መሄድን እንደ ክህደት አልቈጠረውም። ፕላስተሩና ማስቲካው ኒኮቲንን በመጠን ይሰጣሉ፤ በሲጋራ ጢስ ውስጥ ያሉትን ሬንጅና ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አያስገቡም። መጠኑ በሐኪም ምክር ደረጃ በደረጃ እየተቀነሰ በመጨረሻ ይቆማል። ዓላማህ ከሱሱ መውጣት እስከሆነ ድረስ ይህ የመውጫው መንገድ ክፍል ነው። ማስቲካውን እንደ ተራ ማስቲካ ያለማቋረጥ አታኝክ፤ አፍህን መለብለብ ሲጀምር በጉንጭህና በድድህ መካከል አቆየው፤ ስሜቱ ሲጠፋ ደግሞ እንደገና ጥቂት አኝክ።

ጾምን በተመለከተ የሁለቱ ነገር ይለያያል። ፕላስተሩ በቆዳ በኩል የሚሠራ እንጂ በአፍ የሚገባ ምግብም መጠጥም ስላልሆነ ጾምን ይሽራል ብዬ አላምንም። ማስቲካው ግን በአፍ የሚገባ ነውና ከመቍረብህ በፊት ባለው ሰዓትም ሆነ ከምግብ በምትከለከልበት የጾም ሰዓት አትጠቀምበት፤ ስለዚህ ለጿሚ ሰው ፕላስተሩ ይመቻል። ይህን ለንስሐ አባትህ ነግረህ በእርሳቸው ፈቃድ አድርገው፤ የአንተን ሁኔታ አይተው የሚወስኑት እርሳቸው ናቸውና። በዚህ አጋጣሚ፣ ከመንፈሳዊ ቅናት የተነሣ ከታዘዘው ጾም በላይ በራስህ ላይ ተጨማሪ ጾም አትጫን። ረኀብ ቁጣንና ሐራራን ያባብሳል፤ የትሩፋቱን ጾም ሱሱ ከለቀቀህ በኋላ ትደርስበታለህ።

ምናልባት አንድ ቀን ተሸንፈህ ብታጨስ፣ “እንግዲህ ፈርሷል” ብለህ ሁለተኛውን አትለኩስ። “ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃልና፥ ይነሣማል” ተብሎ ተጽፏል (ምሳ. 24፥16)። ንስሐ አባትህን ለማግኘት በዓል እስኪደርስ አትጠብቅ፤ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ሄደህ በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው ስፍራ፣ ከማን ጋር ሳለህ እንደ ሆነ ጭምር ንገራቸው፤ ቀጥሎ ልትርቀው የሚገባህ ነገር ከዚያ ይታወቃልና። ፕላስተሩንም በአንድ ሲጋራ ምክንያት አውልቀህ አትጣለው፤ ሐኪሙ ሌላ ካላዘዘህ በቀር እንደ ጀመርኸው ቀጥል።