ብርቱካንማ ለሆነ ፀጉር ፐርፕል ሻምፖ ለምን አይሠራም?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ብሊች ካስደረግሽ ወር አልሞላሽም፤ ፀጉርሽ ግን ብርቱካንማ ሆነ። ፐርፕል (ሐምራዊ) ሻምፖ በየቀኑ እየታጠብሽበት ለውጥ አጣሽ። አሁን ሳሎኑ «ድጋሚ ብሊች ይደረግ» ብሎሻል። በፍጹም እንዳታስደርጊ! በእኔ የደረሰው ባንቺ እንዲደርስ አልፈልግም።

ችግሩ ፀጉርሽ ላይ አይደለም፤ የሻምፖው ቀለም ነው። የእኛ ጥቁር ፀጉር ብሊች ሲነካው መጀመሪያ ቀይ ይሆናል፣ ከዚያ ብርቱካንማ፣ ከዚያ ቢጫ። ነጭ ለመሆን የቀረበ ፀጉር የሙዝ ልጣጭ ውስጡን ይመስላል። ባለሙያዎች ከ1 እስከ 10 ቁጥር ይሰጡታል። 1 ጥቁር ነው፣ 10 በጣም የነጣ። አብዛኞቻችን በአንድ ብሊች የምንደርሰው 6 ወይም 7 ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ብርቱካንማ ነው። ፐርፕል የሚያጠፋው ቢጫን ነው። ብርቱካንማን የሚያጠፋው ሰማያዊ ነው። ስለዚህ አንቺ የሚያስፈልግሽ ሰማያዊ ሻምፖ ነው። ፐርፕሉን በየቀኑ ብትታጠቢበት ፀጉርሽን ከማድረቅ በቀር ምንም አያመጣልሽም።

ይህን የነገረኝ ሳሎን ቢሆን ደስ ባለኝ። እኔ የሄድኩበት ፀጉር ቤት ግን ፐርፕል ሻምፖውን በውድ ሸጠልኝ። ለውጥ የለውም ብዬ ስመለስ የፀጉር ቤቱ ባለቤት ካስክ ስር በተቀመጡት ሴቶች ፊት «የኔ ቆንጆ፣ አጠቃቀሙን ስላላወቅሽበት ነው» አለችኝ። ብሊች ካልተደገመ አይሆንም አለች። ፀጉሬ ሪላክሰር (ከርዳዳ ፀጉር የሚያቃና ኬሚካል) እንዳለው ነግሬያታለሁ። ቶነር፣ ማለትም የነጣ ፀጉር መልክ የሚያስተካክለውን ቀለም ብቻ ብታደርጊልኝስ አልኳት። «ባለሙያዋ አንቺ ነሽ እኔ?» ብላ 40 ቮልዩም በጠበጠች። 40 ቮልዩም ማለት ብሊች የሚበጠበጥበት ጠንካራ ፈሳሽ፣ 12 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። ሪላክሰር የነካው ፀጉር ላይ ይህ አይደረግም፤ ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው ደግሞ ይህን ማወቅ አለበት።

ሲታጠብ በጆሮዬ በኩል ያለው ፀጉር እርጥብ እያለ ሲሳብ ተለጠጠ፤ ወደ ቦታው አልተመለሰም። ከዚያ በጣቷ ላይ ተበጠሰ። ይቅርታ እንኳን አላለችም። ሙሉ ሒሳብ ተቀበለች። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

አሁን ፀጉሬ ቆንጆ ነው፤ የሚያየኝ ሁሉ የት እንደተሠራሁ ይጠይቀኛል። የትም አይደለም፣ ቤቴ ነው። እንዲህ አድርጊ፦

1. ሰማያዊውን ከመግዛትሽ በፊት ሞክሪው። ጠርሙሱ ሰማያዊ ሆኖ ውስጡ ውሃ የመሰለ ብዙ አለ። አንድ ጠብታ ነጭ ሶፍት ላይ አድርጊና በትንሽ ውሃ አሰራጪው። ጥርት ያለ ደማቅ ሰማያዊ ካልተወ ተዪው። ሻጩ አትክፈቺው ካለሽ ሌላ ሱቅ ሂጂ። ከዱባይ በሻንጣ የመጣ ከሆነ ጊዜው አለማለፉንም እዪ።

2. ፀጉርሽ ላይ ቅባት ካለ መጀመሪያ በተራ ሻምፖ ታጠቢ። ይህን የምልሽ በምክንያት ነው። ፀጉሬ ሲሰባበር እናቴ ቅቤ ቀባችኝ፤ እድሜ ይስጣትና ለሰለሰልኝም። ግን ቅቤው ላይ ሰማያዊ ሻምፖ ባደርግ ቀለሙ ፀጉሩ ጋ ሳይደርስ በውሃ ይሄዳል። እሷ ቅቤውን ማስለቀቅ አትወድም፤ «ሳይጠጣው ታጠብሽው» ትላለች። አሁን ተስማምተናል። ቅቤው ቅዳሜ ይቀባል፣ እሑድ በደንብ ይታጠባል፣ ሰማያዊው ከዚያ በኋላ ነው። ፀጉርሽ ቢሰባበርም ቅቤውን አትተዪ፤ ቅደም ተከተሉን ብቻ ጠብቂ።

3. ጓንት አድርጊ፤ ጥፍርና ነጭ ፎጣ ያቀልማል። እርጥብ ፀጉር ላይ ብርቱካንማው ከባሰበት ቦታ ጀምሪና በሰፊ ማበጠሪያ አዳርሺው። መጀመሪያ ቀን 2 ወይም 3 ደቂቃ ይበቃል፣ በኋላ እስከ 5። ጫፉን መጨረሻ ላይ ንኪው፤ የደረቀ ጫፍ ቀለም ቶሎ ስለሚስብ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። በሳምንት አንዴ በቂ ነው። በሌላው ቀን ሰልፌት (አረፋ የሚያበዛው ጠንካራ ማጽጃ) የሌለው ሻምፖ ተጠቀሚ። ኮንዲሽነር ደግሞ ሁልጊዜ፣ ሳትሳሺ።

አንድ የማትጠረጥሪው ነገር ውሃው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓድ የሚመጣው ውሃ ከለገዳዲ ግድብ ከሚመጣው ይልቅ ማዕድን ይበዛዋል። ማዕድኑ የነጣ ፀጉር ላይ ይቀመጥና መልኩን ያበላሻል። እኔ ሰፈር የጉድጓድ ነው። ክረምት ላይ የመጨረሻውን ማለቅለቂያ በዝናብ ውሃ አደርጋለሁ፤ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ሌላ ጊዜ ማዕድን የሚያወጣ ሻምፖ በወር አንዴ እጠቀማለሁ። የቧንቧ ማጣሪያ መግዛት የምትችዪ ከሆነ ግዢ።

ፔስትራ ቀንሺ። በከፍተኛ ሙቀት ስትጫኚው የያዘው ሰማያዊ ይደበዝዝና ብርቱካንማው ከስር ይመጣል። ፀሐይም እንደዚያው ነው፤ ነጠላሽን ጣል አድርጊበት።

ደግሞ ሻምፖው ፀጉር አያነጣም። ብርቱካንማውን ወደ ቡናማ ያወርድልሻል እንጂ ብሎንድ አያደርግሽም። ብሎንድ ነው የምፈልገው ካልሽ ፀጉርሽ እስኪያገግም ወራት ታገሺ። እስከዚያ ሳሎን ከሄድሽ ቶነር በ10 ቮልዩም ብቻ ብለሽ ጠይቂ፤ ሲበጠብጡም ቆመሽ ጠርሙሱን እዪ። «እኛ እናውቃለን» ካሉሽ ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ። የሚያፍር ካለ እነሱ ይፈሩ።

ፎቶ ላኪልኝ፤ በሳሎን ቢጫ መብራት ሳይሆን ጠዋት መስኮት አጠገብ አንሺው። ብርቱካንማ ይሁን ቢጫ አይቼ እነግርሻለሁ። ሪላክሰር ካለሽም አብረሽ ጻፊልኝ።