የእህትህ ብር ባጃጅ ይሁን ያለው ማነው?

ወንድሜ፣ እንደጻፍክልኝ አካውንቲንግ ተመርቀህ ደሴ ሥራ ስትፈልግ ዓመት አልፎሃል። አሁን ኮምቦልቻ ያለ ፋብሪካ በ9,000 ብር የሒሳብ ሠራተኛ አድርጎ ሊቀጥርህ ነው። እናትህ ግን አባትህ ከሥራ የተቀነሱበትን ጊዜ እያነሱ «የቅጥር እንጀራ አይታመንም፤ እህትህ ከጅዳ በላከችው 300,000 ላይ 150,000 ተበደርና ባጃጅ ግዛ፤ የጎረቤት ልጅ ቤት የሠራው በባጃጅ ነው» ይሉሃል።

ቤት የሠራው ልጅ ከአቦል እስከ በረካ ይወራለታል። ባጃጁን በኪሳራ የሸጠውን ማንም አያነሳውም። እሱን ፈልገህ ጠይቅ።

እስቲ ወረቀት አውጣ። ሹፌር በቀን 600 ያስገባልኛል ብለሃል፤ በ26 ቀን 15,600 ነው። የደሴ ዳገት የፍሬን ሸራና ፍሪሲዮን ይበላል፤ ጎማና ዘይት ጨምረህ 3,500 ያዝ። ቦሎና ኢንሹራንስ ለወር ሲካፈል 500። ወለዱ 16 በመቶ ቢሆን መጀመሪያ ላይ በወር 2,000። ሁሉም የሚረሳው እርጅናውን ነው፦ በ450,000 ገዝተህ ከአምስት ዓመት በኋላ በ150,000 ብትሸጠው በየወሩ 5,000 ዋጋ እያጣ ነው። የሚተርፍህ 4,600፤ ያውም ሹፌሩ ሳይታመም፣ ባጃጁ ጋራዥ ሳይቆም። ከደመወዝህ ግብርና 7 በመቶ ጡረታ ተቀንሶ 7,000 ገደማ እጅህ ይገባል። ያውም ሹፌሩ ሳይታመም፣ ባጃጁ ጋራዥ ሳይቆም።

እናትህን አልፈርድባቸውም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ካህነማንና ትቨርስኪ በ1979 እ.ኤ.አ. እንደጻፉት፣ ሰው ያጣው ብር የሚያመው ያንኑ ያህል ቢያገኝ ከሚደሰተው በላይ ነው። የአባትህ ቅነሳ ቤታችሁ የገባ ሕመም ነው፤ የባጃጅ ኪሳራ ግን ገና አልደረሰባችሁም።

አንተን ያሰረህ ግን ሌላ ነው። «የእህቴ ላብ ሜዳ ቀረ እንዳይባል» ብለህ ጽፈሃል። ማን እንዳይል? የሰፈር ሰው እንዲያየው ብቻ በሰው ገንዘብ ንብረት አይገዛም። ዛሬውኑ ደውልና ሦስት ነገር ጠይቃት፦ ብሩ ስጦታ ነው ወይስ አደራ? የሥራ ውሏ መቼ ያልቃል? ስትመለስ ምን ልትሠራበት አስባለች? አደራ ከሆነ በራሷ ስም በጊዜ ገደብ ተቀማጭ ይግባ፤ የባንክ ደብተሩም በእሷ ስም ይሁን። እናትህ ቢቀየሙም ይቀየሙ። ስጦታ ነው ብትልህ እንኳ አንድ ወር ሳይሞላው አትንካው፤ ብድሩን ደግሞ ጭራሽ እርሳው።

ለኮምቦልቻው መመላለሻ ፋብሪካው ሰርቪስ እንዳለው ሳትጠይቅ አትፈርም።

የመመረቂያ ነጥብህ 2.6 መሆኑ አያስጨንቅህ፣ አብሽር። ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ የደመወዝ መክፈያና የባንክ ማስታረቂያ እስኪቀልህ ተለማመድ፤ የቅጥር ፈተና ቢኖር ሊያስቀምጡልህ የሚችሉት እሱን ነው።