«ምን ያዋጣል?» ላለችኝ ልጅ

ሰሞኑን አንዲት የባሕር ዳር ልጅ «ጋሼ፣ እዚህ ከተማ ምን ብሠራ ያዋጣኛል?» አለችኝ። አፌ ላይ የመጣውን መለስኩላት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ጡረታ ሳልወጣ እንጀራዬ ይኸው ነበር፤ የቱ ዘርፍ ይደገፍ፣ ወጣቱ በምን ይደራጅ እያሉ ማጥናት። አንድ ዓመት በነሐሴ፣ ጉማራ ወንዝ ጣና የሚገባበት ቦታ ወርደን ዓሣ ቆጠርን። መረቡ በተሳበ ቁጥር ነጭ ዓሣው ይፈናጠራል። ታንኳዎቹ ከጭነቱ ብዛት ውኃ ሊውጣቸው ምንም አልቀራቸው። ዳር ላይ ደንገል የሚያስሩ አንድ አዛውንት ቀና አሉና «ልጄ፣ ይኼ እኮ ሊወልድ የወጣ ነው። በጥር መጥተህ ቁጠር» አሉኝ። ሳቅኩ። መጠይቄ ላይ የእሳቸው መልስ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም።

ነጭ ዓሣ በክረምት እንቁላሉን ሊጥል ወደ ጉማራና ርብ ይወጣል፤ መግቢያው ላይ ይከማቻል። የቤቱን ሰው ልቆጥር ሄጄ የሠርግ እንግዳ ቆጥሬ መጣሁ። «ዓሣ፣ ቀዳሚ ዘርፍ» ብዬም ጻፍኩ።

አሥር ልጆች በዚያ ወረቀት ተበድረው ጀልባና መረብ ገዙ። ጥር ላይ የሚያወጡት ለቤንዚኑም አልበቃ። የተገኘችውም ቆሮሶ ዓሣ በረዶ ስለሌለ ከሰዓት ዓይኗ ይደፈርሳል። ነጋዴው እስኪደፈርስ ጠብቆ በግማሽ ዋጋ ይወስዳል።

ጥናት ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። እያልኩም ሊሆን ይችላል። ዘጌ ያደገችው እናቴ ቡናና ጌሾ ሸጣ ነው ያስተማረችን፤ ዘርፍ የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም።

ስለ ቁጠባና ሒሳብ አያያዝ አልነግርሽም፤ ታውቂዋለሽ። ግን ወረታ ሩዝ መፈልፈያ ሞልቶ ሳለ ሌላ መፈልፈያ ምን ያደርጋል? ይልቅ የፎገራ ሽንኩርት ሲደርስ ሂጂና ማሳ ዳር የሚበሰብሰውን እዪ። በክረምትም ሂጂ፣ በበጋም። እኔ ብሆን በረዶ እሸጥ ነበር። የዛሬ ልጆች ግን አንዱ ጁስ ቤት ሲከፍት አሥሩ ይከተላሉ፤ በረዶ ፎቶ ላይ አያምርም መሰለኝ። (የማንጎ ጁሱን እኔም አልጠላውም።)

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ የባጃጁ ሹፌር በመስታወት ደጋግሞ አየኝ። ከአሥሩ አንዱ ነበር። ስወርድ «ጋሼ፣ ሒሳቡን ይተዉት» አለኝ። ብሩን መቀመጫው ላይ ጥዬ ወረድኩ።