ውሻ፣ ድመት፣ ዶሮና በግ በአንድ ግቢ፦ ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ጎንደርና አካባቢዋ በእንስሳት ሕክምና እሠራለሁ። «ምን ዓይነት ውሻ ላምጣ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ ግቢው ውስጥ ቀድሞ ማን እንዳለ የሚነግረኝ ግን ጥቂት ነው። የእኛ ግቢ ደግሞ ባዶ አይደለም። ዶሮ አለ፣ ለበዓል የሚቀለብ በግ አለ፣ አይጥ የምትይዝ ድመት አለች። ስለዚህ ስትጠይቁኝ እንስሶቻችሁንም አብራችሁ ንገሩኝ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ጎንደር፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ነው። ሁለት ልጆች፣ አንዲት ድመትና ስድስት ዶሮዎች አሉን። ባለቤቴ ጀርመን ሸፐርድ ካልሆነ ይላል፤ እኔ ደግሞ ላብራዶር ገር ነው ሲባል ሰምቻለሁ። የትኛው ይሻለናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁለቱ ከሆነ ለእናንተ ቤት ላብራዶር ይቀላል። የውሻ ዘር ስትመርጪ መልኩን ትተሽ ቅድመ አያቶቹ ለምን ሥራ ይረቡ እንደነበር ጠይቂ። ላብራዶር አዳኝ የጣለውን ወፍ ሳይጎዳ በአፉ ይዞ እንዲመጣ ተመርጦ የተራባ ነው። ዶሮ ቢይዝ እንኳ ብዙ ጊዜ ይዞ ይመጣል እንጂ አይዘነጥልም፤ ዶሮዋ ግን በድንጋጤ ልትሞት ስለምትችል ያለጠባቂ አብረው አይዋሉ። ጀርመን ሸፐርድ የበግ እረኛ ነበር። ዘሩ በ1899 እ.ኤ.አ. በማኅበር ተደራጅቶ መመዝገብ ሲጀምር የተፈለገው መንጋ የሚነዳ፣ ከሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ዓይኑን የማይነቅል ውሻ ነው። ስለዚህ ዶሮ፣ ድመት ወይም ሕፃን ልጅ ሲሮጥ ካየ ማሳደድ ያምረዋል። ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ የተፈጠረለት ሥራ ነው። በየቀኑ የሚያሠለጥነውና የሚያንሸራሽረው ሰው ካገኘ ከድመትም ከዶሮም ጋር ተስማምቶ ይኖራል። ባለቤትሽ ጠዋትና ማታ ይዞት የሚወጣበት ጊዜ አለው? ከሌለው ውሻው ሥራ መፈለጉ አይቀርም፤ የሚያገኘውም ዶሮዎችሽን ነው።

ደግሞ ጀርመን ሸፐርድ ተብለው ከሚሸጡት ቡችሎች ብዙዎቹ ክልስ ናቸው። ክልስነቱ ነውር የለውም፤ ዋጋውን ግን እንደ ንጹሕ ዘር አትክፈሉ። ከመግዛታችሁ በፊት ሄዳችሁ እናቱን እዩ። ዶሮ በአጠገቧ ሲጭር ዝም ብላ የምትተኛ እናት ካገኛችሁ ከየትኛውም ወረቀት የበለጠ ማስረጃ አገኛችሁ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ከአዘዞ ነኝ። ዘመዴ ሃስኪ ሰጥቶኝ ሦስት ዶሮ ገደለብኝ። ይማራል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ «ና» ሲሉት መምጣትን ይማራል፤ ዶሮ መተውን ግን አላምንለትም። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ። ሃስኪ በሳይቤሪያ በረዶ ላይ ሸክም ሲጎትት የኖረ፣ በበጋ ተለቆ ለራሱ ሲያድን የከረመ ዘር ነው። ዶሮዎቹን በሽቦ አጥር ለያቸው፤ መቆፈር ስለሚወድ ሽቦውን ወደ መሬት 30 ሳንቲሜትር ያህል ቅበረው። አሳደው የሚገድሉ የአደን ዘሮች የሆኑትን ቴሪየርና ግሬይሃውንድንም ዶሮ ላለበት ግቢ አልመክርም።

ጥያቄ፦ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ፤ ያለሁት ጠዳ ነው። ስምንት በጎች አሉኝ፤ ጅብ አላስተኛ ብሎኛል። የፈረንጅ ውሻ ግዢ ይሉኛል፤ እውነት ይሻላል?

መልስ፦ እማማ፣ ለአንቱ የፈረንጅ ውሻ አያስፈልግዎትም። የሀበሻ ውሻ ብርዱንም ፀሐዩንም ለምዶታል፤ ንቁ ነው፤ ቀለቡም አይከብድም። ቁም ነገሩ በስንት ሳምንቱና እንዴት ወደ በጎቹ እንደሚገባ ነው። ቡችላ ከሦስት ሳምንቱ እስከ 12 ወይም 14 ሳምንቱ ድረስ አብሮት የዋለውን ሁሉ እንደ ቤተሰቡ ይቆጥራል። ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ በግ ለእሱ ባዕድ ነው። ስለዚህ ስምንት ሳምንት ሲሞላው ይውሰዱና በበረቱ ጥግ፣ በጎቹ በማይገቡበት ትንሽ የእንጨት ከለላ ውስጥ ያኑሩት። ያሸቱታል፣ ያሸታቸዋል፤ የምትወጋው በግ ብትኖር የሚሸሽበት አለው። ምግቡን እዚያው ይስጡት። የልጅ ልጆችዎ ከበጎቹ ነጥለው ቤት ውስጥ ካጫወቱት ግን ልቡ ወደ ጓዳ ይሄዳል፤ በጎቹን ይረሳል።

አምስት ስድስት ወር ሲሆነው ግልገል ማሳደድና ጆሮ መንከስ ይጀምር ይሆናል። ጨዋታ ነው ብለው አይለፉት። እዚያው በድምፅ ይቆጡት፤ ካልተወ አደብ እስኪይዝ ከግልገሎቹ ለይተው ከትልልቆቹ በጎች ጋር ያውሉት። የቱርክ እረኞች ካንጋል የሚሉትን ትልቅ ውሻ የሚያሳድጉት በዚሁ መንገድ ነው። በናሚቢያም ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገበሬዎች እንዲህ ያሉ ውሾች እየተሰጡ ከብቱ ከአቦሸማኔ ይጠበቃል፤ አቦሸማኔውም ከጥይት ተርፏል።

ጅብን ግን አንድ ውሻ አይመክተውም። የውሻው ድርሻ መጮህና ሰው መቀስቀስ ነው፤ በጎቹን የሚያድናቸው ማታ ማታ በደንብ የሚዘጋ በረት ነው። ሌሊት ደጅ ታስሮ የሚያድር ውሻ ራሱ የጅብ ራት ስለሚሆን ፈጽሞ እንዳያደርጉት።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ነው ያለነው። ወንድሜ ሊጓዝ ስለሆነ የሁለት ዓመት ውሻውን ልንረከብ ነው። ድመታችን አሥር ዓመቷ ነው፤ ውሻ አይታ አታውቅም። እንዴት እናስተዋውቃቸው?

መልስ፦ በመጀመሪያው ቀን ፊት ለፊት እንዳታገናኟቸው። ውሻው አንድ ክፍል ይያዝ፤ የድመቷ መኝታ ጨርቅ ወደ እሱ፣ የእሱም ወደ እሷ ይሂድ። በሩ ተዘግቶ ሁለቱም በየበኩላቸው በሩ አጠገብ ይብሉ። ሳይጮህና ሳታጉረመርም መብላት ሲችሉ በሩን ክፈቱ፤ ውሻው ግን በገመድ ይያዝ፤ ድመቷም የምትወጣበት ቁም ሣጥን ወይም መደርደሪያ ይኑራት።

ከዚያ በኋላ ድመቷን ትታችሁ ውሻውን ተመልከቱ። አይቷት ፊቱን ወደ እናንተ የሚመልስ፣ ወለል የሚያሸት፣ ጅራቱን ላላ አድርጎ የሚያወዛውዝ ከሆነ ደግ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ቁራሽ ሥጋ ስጡት። አፉን ገጥሞ፣ ጆሮውን ወደ ፊት ቀስሮ፣ አንድ የፊት እግሩን አንሥቶ ድርቅ ካለ ግን እያደነ ነው። ያኔ መጮህ አያስፈልግም፤ ዞር አድርጋችሁ ውሰዱትና በማግስቱ ከበለጠ ርቀት ሞክሩ። ለአንዳንድ ቤት ጥቂት ቀን ይበቃል፤ ለአንዳንዱ ወራት ይፈጃል። ከወራት ልፋት በኋላም እንዲያ ድርቅ ማለቱን ካልተወ ለአሮጊቷ ድመት ስትሉ ሌላ ቤት ፈልጉለት። ይህን ስል ብዙ ሰው ይከፋዋል፤ እኔ ግን ተነክሳ የመጣች ድመት ከማክም ይህን ብናገር እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ወንድ ይሻላል ወይስ ሴት?

መልስ፦ ግቢው ውስጥ ሌላ ውሻ ካለ ተቃራኒ ፆታ ብዙ ጊዜ ይስማማል፤ ግን ካልተመከኑ 63 ቀን ገደማ ቆይቶ ቡችሎች ይመጣሉ። ሌላ ውሻ ከሌለ ከፆታው ይልቅ ጠባዩን እዩ።

ጥያቄ፦ ውሻችንም ድመታችንም የተረፈ ወጥ ነው የሚበሉት። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ እንጀራው ሳይሆን ሽንኩርቱ። የእኛ ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ሽንኩርት ደግሞ ጥሬም ይሁን የበሰለ የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ለውሻ በአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም፣ ለድመት 5 ግራም ያህል ሊበቃ ይችላል። እስቲ ለአንድ ዶሮ ወጥ ስንት ሽንኩርት እንደሚከተፍ አስቡት። ወጥ ከመጨመሩ በፊት እንጀራውንና ትንሽ የተቀቀለ ሥጋ ለብቻ አስቀሩላቸው። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ስለሚወጋ አትስጡ።

ጥያቄ፦ በጎቼ አንገታቸውን አጣመው ባሉበት ይሽከረከራሉ። ጎረቤቴ ከውሻህ ነው ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ጎረቤትህ እውነቱን ሳይሆን አይቀርም። አዙሪት የምንለው በሽታ የሚመጣው ከአንድ ዓይነት የውሻ ኮሶ ትል ነው። እንቁላሉ በውሻ ዓይነ ምድር ሣር ላይ ይወድቃል፤ በጉ ይግጠዋል፤ ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ የበጉ አንጎል ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። በጉ ሲታረድ ጭንቅላቱን ለውሻ ከጣልክለት ትሉ ተመልሶ ውሻው ሆድ ይገባል። በጉበትና በሳንባ ላይ ከረጢት የሚሠራ ሌላ የውሻ ትልም አለ፤ እሱ ወደ ሰውም ይተላለፋል፤ ልጆች ውሻ ዳብሰው እጃቸውን ሳይታጠቡ ሲበሉ ይይዛቸዋል። ለበዓል ስታርዱ ጭንቅላትና ጥሬ የሆድ ዕቃ ለውሻ አትስጡ፤ አቃጥሉት ወይም ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ቅበሩት። ውሻውን ፕራዚኳንቴል በሚባለው የትል መድኃኒት አስታክመው፤ ጥሬ የሆድ ዕቃ የማግኘት ዕድል ካለው በየስድስት ሳምንቱ ይደገምለት። ሰው ውሻ ሲገዛ ስለ ጆሮውና ስለ ጅራቱ ይከራከራል፤ ይህን የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም።

ጥያቄ፦ አህያ አለችን። ከውሻ ጋር ትስማማለች?

መልስ፦ አህያ በተፈጥሮዋ ውሻ አትወድም፤ ትራገጣለች። ቡችላውን በአጥር በኩል ታየው፤ እስክትለምደው ወደ ጋጣዋ አይግባ። የወለደች ላምም እንዲሁ ናት።

ጥያቄ፦ ደባርቅ ነው የምንኖረው፤ ውሻችን ከከብቱ ጋር ወደ ስሜን ተራራ ይወጣል። ልንጠነቀቅ የሚገባን ነገር አለ?

መልስ፦ አለ፤ ስለጠየቃችሁ አመሰግናለሁ። ስሜን ላይ ቀይ ቀበሮ አለች። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ሁሉም በኢትዮጵያ። የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላ የውሻ ተላላፊ በሽታ ከቤት ውሻ ወደ እነሱ እየተላለፉ ባሌ ላይ ብዙ ፈጅተዋል። ከውሻ ጋር መዳቀላቸውም ሌላ ስጋት ነው። ውሻችሁን አስከትቡ፣ አስመክኑ፤ ከተቻለም ቤት ይዋል።

ጥያቄ፦ ቡችላው መቼ ይከተባል? ልጅ ቢነክስስ?

መልስ፦ ቡችላ የሚገድሉት የፓርቮና የዲስቴምፐር በሽታዎች ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ ይጀመራል፤ በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይሄዳል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወሩ ይሰጠዋል፤ በዓመቱ ይደገማል። ልጅ ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት፤ ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ባህላዊ መድኃኒት እየሞከሩ ቀን ማሳለፍ ሕይወት ያስከፍላል፤ ክትባቱ የሚያድነው የበሽታው ምልክት ሳይታይ ነውና። ውሻውን አትግደሉት፤ ዘግታችሁ ለ10 ቀን ጠብቁት። እስከዚያ በሕይወት ከቆየና ጤነኛ ከሆነ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም። ይህ ማለት ግን የልጁ ክትባት ይቆይ ማለት አይደለም፤ ያኔውኑ ይጀመር፤ ይቁም አይቁም የሚለውን ሐኪሙ ይወስናል።